ከሳተላይት ላይ በካሜራ የጠፈር ስብርባሪን መከታተል፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ «ዒላማዬ (የምከታተለው ስብርባሪ) ከተተነበየለት ቦታ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ፈቀቅ ይላል» ብሎ መጣ። ስሌቱን ሳላይ «ሰዓቱን ከየት ወሰድከው?» አልኩት። ምስሉ ከተነሳበት ሳይሆን ፋይል ሆኖ ከተቀመጠበት ሰዓት ነበር።

እባካችሁ፣ ሰዓቱን ጠብቁ! ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለ ነገር በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የአንድ ሚሊ ሰከንድ ስህተት 7.5 ሜትር ነው። ካሜራችሁም በዚያው ፍጥነት እየበረረ ስለሆነ ሰዓቱ ሲዛባ የእናንተም ቦታ አብሮ ይዛባል። በምድር ቴሌስኮፕ የለመዱ ሰዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። እኔም አንድ ሰሞን 1 ሰከንድ የፈጀውን ምስል በመነሻው ሰዓት መዝግቤ፣ ቦታውን ግን ዒላማው ሲሮጥ ምስሉ ላይ ከተወው መስመር መሃል ለካሁ። የግማሽ ሰከንድ ልዩነት፣ 3.75 ኪሎ ሜትር! ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሩ ዒላማውን ምን ያህል እንደሚጎትት የሚገምተውን የከባቢ አየር ሞዴል ስጠረጥር ከረምኩ። ሴንሰራችሁ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ረድፍ በረድፍ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ዒላማው ያረፈበትን ረድፍ ሰዓት ውሰዱ።

ዒላማው ሲደበዝዝባቸው ካሜራው ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ የሚያረዝሙም ብዙ ናቸው። ለኮከብ ይሠራል፣ ለሚሮጥ ነገር አይሠራም። አንዱ ፒክሰል 5 የቅስት ሰከንድ (አንድ የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ቢሸፍንና ዒላማው በሰከንድ 100 የቅስት ሰከንድ ቢጓዝ፣ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ የሚቆየው 0.05 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ብትጠብቁ መስመሩ ይረዝማል እንጂ አይደምቅም፤ የሰማዩ ብርሃን ግን መጠራቀሙን ይቀጥላል። የሚሻለው ሳተላይቱን በዒላማው ፍጥነት ማዞር ነው። ያኔ ዒላማው ነጥብ፣ ኮከቦቹ መስመር ይሆናሉ።

ይህ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ስትከተሉት ዒላማው ሴንሰሩ ላይ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ያለ ብርሃን የሚያበራ ብልሹ ፒክሰልም አይነቃነቅም። ከምስል ወደ ምስል የካሜራውን አቅጣጫ በጥቂት ፒክሰል ፈቀቅ አድርጉ፤ እውነተኛው ዒላማ ሴንሰሩ ላይ ቦታ ይቀይራል፣ ብልሹው ባለበት ይቀራል። ጀማሪዎች ይህን በዓይናቸው ሲያዩ ፊታቸው የሚበራውን ነገር በጣም እወደዋለሁ።

ከአንድ መስመር ተነስታችሁ ዒላማው ወዴት እንደሚሄድ አትናገሩ፤ የትኛው ጫፍ መነሻ እንደሆነ ምስሉ አይነግራችሁም።

በደቡብ አትላንቲክ በኩል ስታልፉ ኃይለኛ ቅንጣቶች ሴንሰሩን እየመቱ ሐሰተኛ ነጥቦችና መስመሮች ይተዋሉ። በሦስት ተከታታይ ምስሎች በሚጠበቅበት ቦታ ካልታየ ዒላማ አትበሉት።

ትልቅ ሌንስ ሁሉን ይፈታል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጠቀው የኤምኤስኤክስ ሳተላይት የክትትል ቴሌስኮፕ መክፈቻው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ትልቁ ጥንካሬው ከምድር ጠርዝና ከጎን የሚገባውን ብርሃን መከላከሉ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ነው። ካሜራ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይለካም፤ የአንድ ደቂቃ ምልከታ ለብዙ የተለያዩ ምህዋሮች ይገጥማል። አብሮን የሚሠራ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ካለ አጭር ምልከታ ምህዋር አስልቶ «አዲስ ነገር አገኘሁ» ብሎ በደስታ አበሰረን። በማግስቱ ካሜራውን ወደተነበየው ቦታ ስናዞር ከኮከብ በቀር ምንም አልነበረም። ዒላማውም በዚያው ጠፋብን። ያን ዕለት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አንዴ ደግሞ ቢያየው ኖሮ ዛሬም በእጃችን ነበር።