ኮዙሜል ላይ ዘና ብሎ መዋል፦ ልጆችና እናትን ይዞ ከመርከብ ለሚወርድ

የመጀመሪያው ክሩዛችን (የመርከብ ሽርሽራችን) ላይ ኮዙሜል ስንደርስ ሰባት ሰዓት ነበረን። ብዙ መሰለን። ማያ የሚባሉትን የጥንት ሕዝቦች ፍርስራሽ አይተን፣ ዋኝተን፣ ታኮ በልተን፣ ለዘመድ ሁሉ ስጦታ ገዝተን፣ ከዚያ ደግሞ በጀልባ ማዶ ተሻግረን ፕላያ ዴል ካርመንን ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን አልን። ጀልባው ለመሄጃ ብቻ 45 ደቂቃ ገደማ እንደሚወስድ ማን አሰበ? ወደ መርከቡ ስንገባ ትንሹ ልጄ ያለቅሳል፣ የእናቴ እግር አብጧል፣ እኔና ባለቤቴ ተኳርፈናል። ስጦታውም አልተገዛም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሰናል፤ አሁን ሕጋችን አንድ ነው። በቀን አንድ ነገር። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ለማታውቁት፣ ኮዙሜል የሜክሲኮ ደሴት ናት፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ፣ ከዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ትይዩ። ከቴክሳሷ ጋልቬስተንም ከፍሎሪዳዋ ማያሚም ተነሥተው ወደ ምዕራብ ካሪቢያን የሚሄዱ መርከቦች ብዙዎቹ እዚያ ይቆማሉ፣ ስለዚህ ሂዩስተንና ዳላስ ያላችሁ ክሩዝ ከያዛችሁ አንድ ቀን መድረሳችሁ አይቀርም። ደስ የሚለው ነገር መርከቡ ከወደቡ ተጠግቶ ስለሚቆም በትንሽ ጀልባ መንገላታት የለም። በእግር ነው የሚወረደው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ወላጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ

እኛ በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መኖር የለመድን ሰዎች ነን። እናቴ እስከዛሬ "ሦስት ሰዓት ላይ" ስትለኝ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ብዬ ሳልጠይቅ አልንቀሳቀስም። ክሩዝ ላይ ሦስተኛ ይጨመርላችኋል፤ የመርከቡ ሰዓት። (እዚህ የምጽፋቸው ሰዓቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ሌላ ጣጣ እንዳልጨምርባችሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዙሜል ያለችበት ኪንታና ሩ ግዛት ከ2015 ወዲህ በሰመርም በዊንተርም ሰዓቱን አይነካካም። እኛ ጋ አሜሪካ ግን ይቀያየራል። ስለዚህ በሰመር ከማያሚ ከተነሣችሁ የደሴቷ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በዊንተር ከጋልቬስተን ከሆነ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በሰመር ከጋልቬስተን ወይም በዊንተር ከማያሚ ከሆነ አንድ ዓይነት ነው። አንዳንድ መርከብ እንደ ወደቡ ሰዓቱን ይቀይራል፣ አንዳንዱ የተነሣበትን ይዞ ይቀጥላል። ስልካችሁ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ይቀይራል።

አደገኛው የማያሚው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ሐምሌ ላይ ነበር፣ ከማያሚ። ስልኬ 3፡10 ይላል፤ ተረጋግተን አይስክሬም እንልሳለን። መርከቡ ላይ ግን 4፡10 ሆኗል፣ የመጨረሻው መግቢያ ደግሞ 4፡30። እንዴት እንደሮጥን ባልነግራችሁ ይሻላል። እናቴን ባለቤቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘናት፣ ነጠላዋ ከኋላ እየተጎተተ፣ መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ እያጨበጨበልን ነው የገባነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ የእጅ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፣ በመርከቡ ሰዓት ሙሉትና አትንኩት። ሲወጡ በር ላይ የመግቢያው ሰዓት ተጽፎ ይቆማል፤ ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ያለውን ሠራተኛም ጠይቁ። የመጨረሻው መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ከሚነሣበት በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ላይ ሆናችሁ ከዘገያችሁ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ከወጣችሁ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ከዚያ በራሳችሁ ወጪ ቀጣዩ ወደብ ድረስ መከተል ነው።

አትጣደፉ

መርከቡ ገና ሲቆም ሁሉም ሰው በር ላይ ይሰለፋል። እናንተ ቁርሳችሁን ብሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መውረጃው ባዶ ይሆናል፣ ልጆቹም ሆዳቸው ሞልቶ ይወርዳሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃንም ጭምር፣ የመርከቡ ካርድ ያስፈልጋል። ለትልልቆቹ ፎቶ ያለው መታወቂያም ያዙ። ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይዞ መውረድ ላይ ሰው አይስማማም። እኔ ክፍላችን ያለው ካዝና ውስጥ ቆልፌ ፎቶውን በስልኬ እይዛለሁ፤ መርከቡ ይዛችሁ ውረዱ ካለ ግን እሱን ስሙ። ከቡፌው ሙዝና ሳንዱች በቦርሳ ጠቅልሎ መውረድ አይቻልም። ወደቡ ላይ ውሻ ይዘው ይፈትሻሉ፣ እናቶቻችን ደግሞ ይቺን ነገር መተው አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ቦርሳቸውን በፍቅር ፈትሹ። ስልካችሁ መርከብ ላይ እያለ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ደሴቷ ላይ ስትወርዱ ክፈቱት፤ ብዙ የአሜሪካ የስልክ ጥቅል ሜክሲኮን ይሸፍናል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ኮዙሜል ላይ የመርከብ ማቆሚያው ሦስት ነው። ፑንታ ላንጎስታ ከተማው መሀል ነው። ኢንተርናሽናል የሚባለውና ፑዌርታ ማያ ደግሞ ከከተማው ወደ ደቡብ ትንሽ ራቅ ብለው ጎን ለጎን ናቸው። ስትመለሱ ለታክሲው "ወደ መርከቡ" ብትሉት የትኛው እንደሆነ ከየት ያውቃል? ስሙን ያዙ።

አንዱን ምረጡ

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ምርጫው ባሕር ነው። የደሴቷ ምዕራብ በኩል ረጋ ያለ ነው፤ ምሥራቁ ደግሞ ከክፍቱ ባሕር የሚመጣው ማዕበል የሚመታው ነው። ለማየት ያምራል፣ ልጅ ግን አይዋኝበትም። ሳርጋሶ የሚሉት ቡናማ የባሕር አረምም ሲመጣ በብዛት የሚከመረው በምሥራቁ ነው። ምዕራቡ ላይ የቀን መግቢያ የሚሸጡ ቢች ክለቦች ተደርድረዋል። ከቤት ሳላችሁ በኢንተርኔት ያዙ፣ መርከብ የሚበዛበት ቀን ሊሞላ ይችላልና። ዋጋው በሰው ነው። ስትመርጡ ፎቶው ላይ ያለውን ውሃ ብቻ አትዩ፤ ውሃውማ ሁሉም ጋ ያው ሰማያዊ ነው። ጥላ አለ ወይ? ለልጆች የሚሆን ገንዳ አለ ወይ? ላይፍ ጃኬት ይሰጣሉ? ምግቡ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? መጸዳጃ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? እናቴ የምትጠይቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው፣ ልክም ናት።

ስኖርክል ማድረግ (በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ ዓሣ ማየት) የምትወዱ ከሆነ ቻንካናብ ፓርክን እዩት፤ ዓሣው ከባሕር ዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ነው የሚታየው። የኮዙሜል ኮራል (ባሕር ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ድንጋይ መሳይ ነገር) ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ እስከ ሆንዱራስ ድረስ የሚዘልቀው ትልቁ የኮራል ሰንሰለት አካል ነው። ሰንስክሬን ኮራሉን ስለሚጎዳ ተቀብቶ መግባት የሚከለከልባቸው ቦታዎች አሉ። የኛ መላ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ማልበስ ነው። ከፀሐዩም ያድናል፣ ልጅ እያባረሩ ከመቀባትም ያድናል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ልናገር። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፤ እኔም ነኝ። ውሃው ረጋ አለ ማለት ጥልቀት የለውም ማለት አይደለም። ላይፍ ጃኬቱን ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ልበሱ፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ ቢስቅስ? እና ከሁለታችን አንዳችን ሁልጊዜ ልጆቹ ላይ ዓይናችንን ተክለን ነው፣ ስልክ የለም። በየግማሽ ሰዓቱ ተራ እንቀያየራለን።

ባሕሩ ለሰለቸው ወይም ብዙ ማውጣት ለማይፈልግ ሳን ሚጌል አለች፣ የደሴቷ ከተማ። በባሕሩ ዳር የእግር መንገድ አላት፣ አደባባይ አላት፣ አግዳሚ ወንበር አላት። ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ነው። ወደቡ በር ላይ ያሉትን ሱቆች እለፏቸው፤ ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት መንገድ በገባችሁ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ የሚጠራችሁም ሰው ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሳን ኸርቫሲዮ ነው፣ በደሴቷ መሀል ጫካ ውስጥ ያለው የማያዎች ፍርስራሽ። ኢሽቼል ለምትባል አምላካቸው የተሠራ መሳለሚያ ነበር፤ ሴቶች ልጅ ለመውለድ ሊለምኑ ከዋናው ምድር በታንኳ ባሕር እያቋረጡ ይመጡ ነበር ይባላል። አስጎብኚው ይሄን ሲያወራ ለእናቴ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ቆየችና "ስለት ነዋ" አለች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ድንጋይ በድንጋይ እያየች የምትዞረው። ሙቀቱና ትንኙ ግን ኃይለኛ ነው፤ በጊዜ ሂዱ፣ ውሃ ያዙ፣ በጋሪ የሚገፋ ልጅ ካላችሁ ተዉት።

ታክሲና ገንዘብ

ታክሲዎቹ ቆጣሪ የላቸውም። ዋጋው በየቦታው የተወሰነ ነው፣ ወደቡ ላይም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ለመኪናው ነው ወይስ ለሰው፣ በፔሶ ነው ወይስ በዶላር በሉ። የፔሶ ምልክት ከዶላር ምልክት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሜኑ ላይ 180 የሚል ታኮ አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ዶላር ይቀበላሉ፣ ግን በፔሶ መክፈል አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። የካርድ ማሽኑም በዶላር ወይስ በፔሶ ብሎ ከጠየቃችሁ ፔሶን ምረጡ።

ምግቡስ

እዚያ አካባቢ ዝነኛው ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል ነው። ስሙ ያምራል፣ ሽታውም ያምራል፣ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ የማትበሉ ቤተሰቦች ይቺን ቃል አስታውሱ፦ "ሲን ፑዌርኮ"፣ ያለ አሳማ። ባቄላውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በአሳማ ሞራ ነው የሚጠበሰው፤ "ሲን ማንቴካ" በሉ። ሰመር ላይ ስትሄዱ ፍልሰታ ከገባ ደግሞ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ"፦ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም። ሩዝ፣ አቮካዶ፣ በቆሎ ቂጣ፣ ቃሪያ አለ፤ ጾመኛ አይራብም። ዓሣውን በተመለከተ የኛን የድሮ ክርክር እዚህ አልከፍተውም። የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ይሁን። ቃሪያው ደግሞ አይናቅም፤ ሚጥሚጣ ያሳደገው ሰው ነኝ ብሎ አባኔሮ የነከሰ ባለቤት አለኝ።

መመለሻ

ሁሉም ሰው በመጨረሻው ሰዓት ስለሚመለስ ታክሲ መጠበቅም ወደብ ላይ መሰለፍም ያኔ ነው። እኛ ከመግቢያው ሁለት ሰዓት ቀድመን እንመለሳለን። ሰው ገና ስላልተመለሰ መርከቡ ባዶ ነው፤ ገንዳው የልጆቹ ብቻ ይሆናል፣ አይስክሬሙ ጋ ሰልፍ የለም። ለሽርሽሩ የከፈልነውን ያህል የምንደሰተው በዚህች ሁለት ሰዓት ይመስለኛል።

እናቴ ግን ገንዳው አይስባትም። ሻይዋን ይዛ ከላይኛው ፎቅ ወደቡ የሚታይበት ቦታ ወንበር ትይዛለች፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ትሰቅላለች፣ ዘግይተው የሚሮጡትን ትጠብቃለች። ሁልጊዜ አይጠፉም። ባለፈው አንድ ሰውዬ በአንድ እጁ ልጅ፣ በሌላው ትልቅ የገለባ ባርኔጣ ይዞ ሲከንፍ ተነሥታ አጨበጨበችለት። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ሀበሻ ይሆን እንዴ?" አለችኝ።