ኢንተርኔት ያለውን የዲስክ ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከጫማና ከቫይታሚን መሀል፣ አንድ ቀጭን ጥቁር ማጫወቻ ነበር። ብሉ-ሬይ ነው፤ ከዲቪዲ በኋላ የመጣውን፣ ጥርት ያለ ምስል የሚይዘውን ዲስክ የሚያነብ። ዲቪዲ ያጫውታል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ኔትፍሊክስም አለው። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የወንድምሽን ሰርግ ያሳያል?»

አላሳየም። ዩቲዩብ ወዲያው ተከፈተ። የሰርጉ ቪሲዲ ሲገባ ግን ማጫወቻው ትንሽ አንጎራጎረና «አላነብም» አለ። «ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ?» አለች እናቴ። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጓደኛም እንዲህ ያለ ዕቃ ሊገዛ ሲል ይደውልልኛል። የምላቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ዕቃውን መጀመሪያ እንደ ዲስክ ማጫወቻ ፈትኑት። ኢንተርኔቱ ምርቃት ነው፤ ለምርቃት ብላችሁ አትግዙ። ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

ከቤት ሳትወጡ፦ ዲስኮቻችሁን ቁጠሩ

ቁም ሳጥኑን ክፈቱና ያላችሁን ዲስክ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ሁሉም ክብ ነው፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን ይለያያል።

ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣ ነው። አንዱ ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የድሮ ሰርግ «ሲዲ 1»፣ «ሲዲ 2» እየተባለ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ብሉ-ሬይ 25 ወይም 50 ጊጋባይት፣ ከሁሉ የጠራ ምስል የሚሰጠው የ4ኬው ደግሞ እስከ 100 ይደርሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልታወቃችሁ ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። ትልልቆቹ ፋይሎች መጨረሻቸው ላይ «ዳት» (DAT) ካለ ቪሲዲ ነው፣ «ቪኦቢ» (VOB) ካለ ዲቪዲ ነው።

አሁን የምትገዙትን ማጫወቻ መመሪያ ፈልጉ። ወረቀቱ ባይኖር እንኳ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሚያጫውታቸው የዲስክ ዓይነቶች ዝርዝር አለ። ቪሲዲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካልተጻፈ፣ አያጫውትም ብላችሁ ተነሡ። ሻጩ «ሁሉንም ያነባል» ቢላችሁም አትስሙት። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። በኋላ መመሪያውን ሳየው ቪሲዲ የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር የለበትም።

ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ዕቃውን ገልብጡና ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ የትም አገር ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የአሜሪካ ነው፤ የአዲስ አበባን 220 አይችለውም። ትራንስፎርመር ካልገዛችሁለት በቀር ይቃጠላል። ይኼን በጎረቤታችን ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ከካርቶኑ ወጣ፣ ዲቫይደር ላይ ተሰካ፣ አንዴ ጭስ ብሎ አለቀ። የቡናው እጣን መስሎን ነበር።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ ይህችን መስመር ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አንብቡ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

የአገር ቁልፍና የምስል ሥርዓት

ፋብሪካ የታተሙ ዲቪዲዎች በክልል ቁጥር ይቆለፋሉ። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ እስራኤልና ግብፅ 2 ናቸው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር 5 ውስጥ ናት። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ ከዋሽንግተን የተገዛ ፊልም ቢገባበት እምቢ ሊል ይችላል። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ብሉ-ሬይ የራሱ አከፋፈል አለው፤ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ ውስጥ ናቸው። የ4ኬ ብሉ-ሬይ ዲስኮች ግን የክልል ቁልፍ የላቸውም።

ቤት ወይም ስቱዲዮ የተቀዱ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለባቸውም። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ የዝማሬ ቪሲዲ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኛ አገር የሚቀዳው በፓል ሥርዓት ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ የሚጠቀመው ኤንቲኤስሲን ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የፓል ዲቪዲ ሲገባባቸው ዝም ይላሉ። ሜሪላንድ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ የተላከለትን የእህቱን ሰርግ ማየት ያቃተው እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። መመሪያው ላይ ፓል (PAL) የሚል ቃል ፈልጉ፤ ከተቻለ ደግሞ ያንኑ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ።

ጀርባው ላይ ምን ቀዳዳ አለ?

አዳዲሶቹ ብሉ-ሬይ ማጫወቻዎች ምስል የሚያወጡት በኤችዲኤምአይ (HDMI)፣ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ በሚያወጣው ቀዳዳ፣ ብቻ ነው። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የምንሰካበት ቀዳዳ ጠፍቷል። ይህ የሆነው በስህተት አይደለም። ቅጂን ለመከላከል በወጣው ደንብ ምክንያት ከእ.ኤ.አ. 2013 በኋላ የተሠሩት የተጠበቀ ብሉ-ሬይ ፊልም በአሮጌው ገመድ እንዳያወጡ ተከልክለዋል። ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ከኋላው ሆድ ያለው ዓይነት ከሆነ አዲሱ ማጫወቻ አይገናኘውም።

የድሮ የድምፅ ዕቃ ያላችሁ የኦፕቲካል ድምፅ መውጫ መኖሩን እዩ። 4ኬ የምትገዙ ደግሞ የቴሌቪዥናችሁ ኤችዲኤምአይ ኤችዲሲፒ 2.2 (HDCP 2.2) የሚባለውን የቅጂ መከላከያ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ። አለበለዚያ የ4ኬ ዋጋ ከፍላችሁ 4ኬ አታዩም።

ዋናው ፈተና

ሦስት ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ንጹሕ፣ አንድ ልጆች የተጫወቱበት፣ አንድ እስከ ጫፉ የተሞላ። ሻጩ የራሱን የሚያብረቀርቅ ዲስክ ሊያስገባ ሲል በትሕትና የእናንተን ስጡት። በእሱ ዲስክ የማይሠራ ማጫወቻ የለም።

ዲስኩ ከገባ በኋላ ምስል እስኪመጣ ቁጠሩ። ዲቪዲ ላይ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ ጥሩ አይደለም። ብሉ-ሬይ በባሕርዩ ቀስ ይላል፤ እሱን ትንሽ ታገሡት። ከዚያ ወደ ፊልሙ መጨረሻ ዝለሉ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ቁም ነገሩ ግን እዚህ ነው። ዲስክ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው። የደከመ ሌዘር መሀሉን ጥሩ አድርጎ ያነብና ዳር ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ አይታችሁ ብትወጡ፣ ቤት ገብታችሁ ፊልሙ ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ ይቆማል።

ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጉና ጆሯችሁን ወደ ማጫወቻው አስጠጉ። ስስ የንፋስ ድምፅ ይኖረዋል፤ ምንም አይደለም። ቅጭ ቅጭ የሚል ከሆነ ግን ሌዘሩ እየፈለገ ማግኘት እያቃተው ነው።

ከዚያ ዲስኩ እየሄደ ሳለ ገመዱን ንቀሉት። አዎ፣ ንቀሉት። መብራት እንደሚያደርገው። መልሳችሁ ስትሰኩት ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል? በሩስ ይከፈታል? የኛ ሰፈር ነዋሪ ለሆነ ሰው ይህ ጥያቄ ከ4ኬ ይበልጣል።

ሪሞቱን አትርሱ። ከሦስት ወይም ከአራት ሜትር ላይ፣ ቀጥ ብላችሁም በጎንም ሞክሩት። አሁን አሁን የሚወጡት ማጫወቻዎች ገላቸው ላይ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያላቸው፤ ማብሪያና ዲስክ ማውጫ። ሜኑ ውስጥ መግባት የሚቻለው በሪሞት ነው። ያገለገለ ዕቃ ያለ ሪሞት ከሆነ ዋጋው ላይ ጠንከር ብላችሁ ተከራከሩ።

አሁን ወደ ምርቃቱ

ካርቶኑ ላይ ስለ ዋይፋይ የተጻፈውን በደንብ አንብቡ። ዋይፋይ «አብሮ አለው» እና «ለዋይፋይ ዝግጁ ነው» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ማለት ዋይፋይ የምትሰጠውን ትንሽ ዕቃ ለብቻዋ ገዝታችሁ ትሰካላችሁ ማለት ነው። አለበለዚያ በኔትወርክ ገመድ ትጠቀማላችሁ። ገመድ ካላችሁ እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ሱቁ ውስጥ የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና አገናኙት። ስሙ አልታይ ካለ፣ ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ እየላከ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያዩት 2.4ን ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ቀይሩትና እንደገና ሞክሩ።

ከዚያ ዩቲዩብን ክፈቱ። አርማውን ማየት አይበቃም፤ ተጭናችሁ ግቡ። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤልጂ ቢዲ300 የሚባለውን ሲያወጣ ኔትፍሊክስን በኢንተርኔት የሚያሳይ የመጀመሪያው ብሉ-ሬይ ማጫወቻ ነበር። ሰው ተገረመ። ግን አፕሊኬሽን እንደ ዲስክ አይደለም። ባለቤቱ አሠራሩን ሲቀይር አሮጌው ዕቃ ይቀራል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2015 የድሮውን መገናኛ ዘጋ፤ ከ2012 በፊት የተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖችና ብሉ-ሬይ ማጫወቻዎች ላይ የነበረው ዩቲዩብ በዚያው ቀረ። ኔትፍሊክስም በ2019 መጨረሻ አንዳንድ የድሮ ዕቃዎችን ተሰናበተ። አርማው ግን እስካሁን ስክሪኑ ላይና ሪሞቱ ላይ አለ። በ1993 የወጣ ቪሲዲ የሚያነበው ማሽን ካገኘ ዛሬም ይሄዳል፤ የ2011 አፕሊኬሽን ግን ሞቷል። ኢንተርኔቱን ምርቃት ያልኩት ለዚህ ነው።

አገርም ይወስነዋል። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል። የአሜሪካው ሁሉ ግን አይከፈትም፤ ሁሉ ስል ያንን «ሁሉ» (Hulu) የሚባለውን የአሜሪካ የፊልም አገልግሎት ማለቴ ነው።

ዩቲዩብ ከተከፈተ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አጫውቱት። የመጀመሪያው ደቂቃ ሁልጊዜ ያምራል። ጥርት ላለ ኤችዲ ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ያህል ያስፈልጋል። በኔትፍሊክስ ኤችዲ ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። የ10 ጊጋ ጥቅል ገዝታችሁ ማታ ተከታታይ ፊልም ከጀመራችሁ ጠዋት ካርድ ትሞላላችሁ። ብሉ-ሬይ ዲስክ ከዚያ የጠራ ምስል ይሰጣችኋል፤ አንድ ሳንቲም ዳታ አይጠይቅም።

ለፍለጋ የሚመጣው ኪቦርድ ላይ የኛን ፊደል አትጠብቁ። በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ በቀስት አንድ አንድ ፊደል መልቀም አለባችሁ። የዘፋኝ ስም ጽፋችሁ እስክትጨርሱ ዘፈኑ ያልቃል። ከስልክ በቀጥታ ወደ ማጫወቻው መላክ የሚቻል ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ ሞክሩት።

ፍላሽም ይዛችሁ ሂዱ። ፋት32 (FAT32) በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ሌሎቹን ፎርማቶች፣ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ወይም ኤክስፋት (exFAT) የሆነውን፣ ያነብ እንደሆነ ጠይቁ። የፋይሉን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ እዩ። የእህቴ ማጫወቻ በፊደሉ ፋንታ ሳጥን ሳጥን ብቻ ደረደረልኝ፤ ፊልሞቹን የማውቃቸው በቅደም ተከተላቸው ሆነ።

ቢዲ-ላይቭ የሚባል ነገር ካያችሁ ዝጉት። ከዲስኩ ጋር የተያያዘ ማስታወቂያና ትርፍራፊ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ነው። ሲዘጋ ዲስኩ ቶሎ ይከፈታል።

ኢንተርኔቱ በእውነት የሚጠቅመው ሰው በማያስበው ቦታ ነው። አዳዲስ ብሉ-ሬይ ፊልሞች አዲስ ቁልፍ ይዘው ይወጣሉ፤ ማጫወቻው ሶፍትዌሩ ካልታደሰ ላይከፍታቸው ይችላል። ስለዚህ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «አድስ» የሚለውን ተጫኑ። ለዚህ አምራቹ ሥራው ላይ መሆን አለበት። ኦፖ የሚባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2018 ማጫወቻ መሥራት አቆመ። ሳምሰንግ በ2019 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ኤልጂም በ2024 መጨረሻ ተከተለ። ያገለገለ ኦፖ እስካሁን የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ ዲስክ አነባበቡ ምርጥ ስለሆነ እንጂ ስለ ኢንተርኔቱ አይደለም።

ስንት ልክፈል?

ሁለት ማጫወቻ ፊታችሁ ቢቀርብና ልዩነታቸው ኢንተርኔት ብቻ ቢሆን፣ ልዩነቱ የአንድ ምሳ ዋጋ ከሆነ ኢንተርኔት ያለውን ውሰዱ። ከዚያ ከበለጠ ተዉት። ቴሌቪዥናችሁ ስማርት ከሆነ ዩቲዩቡ እዚያው አለ። ካልሆነም ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካ ትንሽ ስቲክ ትገዛላችሁ፤ ስታረጅ እሷን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ማጫወቻው ይቀመጣል።

የወንድሜን ሰርግ በመጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ወደ ኤምፒ4 ቀየርኩትና በፍላሽ ሰካሁት። የእህቴ ማጫወቻ አጫወተው። እናቴ ሦስት ጊዜ አየችው፤ የሞቱ ዘመዶቿ ሲያልፉ እንዳቆምላት እየነገረችኝ። ሲዲዎቹን አልጣልኳቸውም። ፍላሽ ሲጠፋ ያየሁ ሰው ነኝ።