ስፖርትስተርን በልኩ ማጠንከር፦ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት

ክሩዘር ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ማርሚታውን ነው። ድምፁ ሲጎላ ሞተሩም የጠነከረ ይመስላል፤ ጆሮ ግን የፈረስ ጉልበት አይለካም። ማርሚታው ብቻ ተቀይሮ የአየር ማጣሪያውና የነዳጁ ልክ እንደ ፋብሪካው ከቀሩ የሚጨመረው ጉልበት ኢምንት ነው። እንዲያውም ከመብራት ላይ ስትነሱ የምትፈልጉት የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። አየር፣ ጭስና ነዳጅ እንደ አንድ ግዢ ይታሰቡ። ገንዘቡ ለሦስቱም ካልበቃ እስኪሞላ መቆየት ይሻላል።

እዚህ የያዝነው የሃርሊ-ዴቪድሰን ስፖርትስተርን፣ ባለ ኢቮሉሽን ሞተሩን፣ ከ1986 ጀምሮ የተሠራውን 883 ሲ.ሲ. እና ከ1988 ጀምሮ የተሠራውን 1200 ሲ.ሲ. ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። እስከ 2006 ያለው በካርቡሬተር፣ ከ2007 ወዲህ ያለው በፊውል ኢንጀክሽን ይሠራል። ሌላ ባለ ሁለት ሲሊንደር ክሩዘር ያላችሁ ቅደም ተከተሉን ተከተሉ፣ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ማኑዋል ውሰዱ።

በ1200ው ላይ ሦስቱም በትክክል ሲሠሩ በኋላ ጎማ ላይ አምስት ስድስት የፈረስ ጉልበት ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚታወቃችሁ የጋዙ ምላሽ ነው፤ ዝቅ ባለ ዙር የነበረው መንገጫገጭ ይጠፋል፣ ሞተሩም ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። 883 ያላችሁ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የ883 እና የ1200 የፒስተን ምት እኩል 96.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ላይ ነው፣ 76.2 እና 88.9። ሲሊንደርና ፒስተን ቀይሮ 883ን ወደ 1200 ማሳደግ ከየትኛውም ማርሚታ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። የ883 ቴስታታ የቃጠሎ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጎድጓዳ ፒስተን ይፈልጋል፤ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ፒስተን ከገባበት እመቃው ከልክ በላይ ይወጣና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ይህን የምታስቡ ከሆነ ለነዳጅ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሥሩት።

መጀመሪያ ያለውን ጤና ማወቅ

የታመመ ሞተር ላይ የተገጠመ ዕቃ በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም። የሁለቱን ሲሊንደሮች እመቃ ለኩ፤ በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ፣ ክፍተታቸውንም ከ0.97 እስከ 1.09 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ቀጥሎ የኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ጎማዎች አየር አለመሳባቸውን አረጋግጡ። ሞተሩን ከቅዝቃዜው አስነሱና በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ሁለቱ መጋጠሚያዎች ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ በጥቂቱ ንፉ። ዙሩ ከተለወጠ ጎማው አልቋል። የጋለ ሞተር ላይ ይህን አትሞክሩ፣ ይቀጣጠላል።

አየር

ከ1991 ወዲህ ያሉት የስፖርትስተር ቴስታታዎች የክራንክ ቤቱን ትንፋሽ የሚያወጡት የአየር ማጣሪያውን ከሞተሩ ጋር በያዙት ሁለት ባዶ ውስጥ ብሎኖች በኩል ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ስትቀይሩ የመተንፈሻውንም መንገድ መቀየራችሁ ነው። ርካሽ ኪቶች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በጋስኬቶቹ በኩል ይገፋዋል። የምትገዙት ኪት ብሎኖቹን፣ ኦ-ሪንጎቹንና ቱቦውን አሟልቶ መምጣቱን አረጋግጡ። ክሩን ሰማያዊ የክር ማጣበቂያ ቀቡት፤ ቀዩ ኋላ ለመፍታት መከራ ነው። ማጣበቂያው የብሎኑን ቀዳዳ እንዳይደፍን ጠብታ ይበቃል።

ጭስ ማውጫ

ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው የፋብሪካውን ቱቦ ትቶ ማርሚታውን ብቻ የሚተካው ስሊፕ-ኦን ነው። በመጠኑ ለሚያስብ ሰው ይህ ይበቃል፤ ሁለቱን ቱቦ የሚያገናኘው መሸጋገሪያም በቦታው ይቆያል። ሁለተኛው ሁለቱን ቱቦ ወደ አንድ የሚያመጣው ሙሉ ሲስተም ነው፤ በመካከለኛ ዙር ላይ ከሁሉም የተሻለ ጉልበት የሚሰጥ እሱ ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ሦስተኛው ክፍትና ቀጥ ያለው ድራግ ፓይፕ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ለመንገድ ግን አንመክረውም። ምክንያቱም ጭሱ ሲወጣ የግፊት ሞገድ ከቱቦው ጫፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ክፍት ቱቦ ውስጥ ይህ ሞገድ ሁለቱም ቫልቮች ለቅጽበት አብረው በተከፈቱበት ሰዓት ይደርስና የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ዙሩ ከ3,000 በታች ሳለ ሞተሩ የሚያንቀው ለዚህ ነው። ከስሊፕ-ኦን ውስጥ ባፍሉን (ድምፅ የሚቀንሰውን የውስጥ ክፍል) አውጥቶ መጣልም ያው ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ባለው ምሽት የቴስታታውን ዳዶዎች ዝገት የሚፈታ ዘይት ንፉባቸው። መፍቻው ግማሽ ኢንች ሶኬት ነው። ዳዶው ከጠነከረ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ ፍቱ፤ በጉልበት ከሄዳችሁ ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ ይሰበርና የአንድ ሰዓቱ ሥራ የቶርኖ ቤት ጉዳይ ይሆናል። የድሮውን ጋስኬት በቀጭን ካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አውጡ፣ ሁልጊዜም አዲስ አስገቡ። የኦክስጅን ሴንሰሩ እስከ 2013 ባለው 18 ሚሊ ሜትር፣ ከ2014 ወዲህ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ያገለገለ ቱቦ የምትገዙ ሰዎች ቀዳዳውን ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስትገጥሙ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስይዙ። ከዚያ መጀመሪያ የቴስታታውን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ፣ ቀጥሎ ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን፣ መጨረሻ የማርሚታውን ክላምፕ አጥብቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው ተወጥሮ ይቀመጥና በንዝረት ይሰነጠቃል። የቴስታታው ዳዶ የማጥበቂያ ልክ በማኑዋሉ የተጻፈው በኢንች-ፓውንድ ነው፤ በፉት-ፓውንድ የተነበበ እንደሆነ አሥራ ሁለት እጥፍ ማጥበቅ ነውና ብሎኑ አይተርፍም። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ክሮሙን በአልኮል ጥረጉ፣ አለበለዚያ የጣታችሁ አሻራ ተቃጥሎ ይቀራል።

ክፍተት መኖሩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ የቫኪዩም ማጽጃን የሚነፋውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ማርሚታው ላይ ግጠሙና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ርጩ። አረፋ የወጣበት ያፈሳል። ትንሽ ክፍተት እንኳ ጋዝ ስትለቁ መተኮስ ያመጣል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚያ የገባው አየር ሴንሰሩን አታልሎ ነዳጅ ያለልክ እንዲጨመር ማድረጉ ነው።

ነዳጅ

ፋብሪካው ለጭስ ሕግ ሲል ሞተሩን በተረጋጋ ጉዞ ከ14.7 አየር ለ1 ነዳጅ አካባቢ ያስኬደዋል። አየር በተጨመረበት ሞተር ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ወደ 13 ለ1 ማውረድ ነው የሚሻለው። ኢንጀክሽን ላለው የኮምፒውተሩን ካርታ (የነዳጁን ልክ የሚወስነውን ሠንጠረዥ) የሚጽፍ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ዳይኖጄት ፓወር ቪዥንና የቫንስ ኤንድ ሃይንስ ፊውልፓክ የታወቁት ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ከአንድ ሞተር ሳይክል ጋር ይቆራኛሉ፤ ያገለገለውን ርካሽ አግኝታችሁ ብትገዙ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ከእናንተ ማጣሪያና ማርሚታ ጋር የሚቀርበውን ዝግጁ ካርታ ጫኑ፤ ከተቻለ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ አስተካክሉት።

ከ1988 ወዲህ ያለው ካርቡሬተር፣ የኬይሂን ሲቪ 40፣ ሥራ በርካሽ ያልቃል። ጄቶቹ (ነዳጁ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ብሎኖች) ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ የሚኒሞው ጄት 42 ከሆነ ወደ 45 ከፍ አድርጉ፣ ዋናውን ደግሞ ካነበባችሁት ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምሩ። የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኑን የደፈነውን የነሐስ ክዳን በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ጠልቃችሁ ሳትሄዱ ብሱት፣ በብሎን ጎትታችሁ አውጡት። ከሥሩ ያለውን ብሎን ቀስ ብላችሁ እስኪነካ ዝጉና ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ዙር ክፈቱ። ዴንቨር አካባቢ ከ1,600 ሜትር ላይ የምትነዱ ዋናውን ጄት አታሳድጉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ በራሱ ነዳጅ ያበዛል። ኢንጀክሽኑ ይህን በሴንሰሮቹ ያስተካክላል።

ሕጉ

በአሜሪካ ከ1986 ሞዴል ወዲህ የተሠራ የመንገድ ሞተር ሳይክል የድምፅ ገደቡ 80 ዴሲቤል ነው። በካሊፎርኒያ ከጥር 2013 ወዲህ የተሠራ ማርሚታ የኢ.ፒ.ኤ. (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም) ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ማጣሪያውና ማስተካከያውም የካርብ (የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ) ፈቃድ ቁጥር ይፈልጋሉ። ካርታ መጻፊያውን አቅልላችሁ አትዩት፤ በ2016 ሃርሊ ራሱ በሸጣቸው ማስተካከያዎች ምክንያት 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። አውሮፓ ያላችሁ ማርሚታው ላይ በክብ ወይም በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለውን የኢ ፊደልና ቁጥር ፈልጉ። የፋብሪካውን ዕቃ በሙሉ አስቀምጡ፤ ለምርመራም ለሽያጭም ይፈለጋል።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎችና ክላምፑን እንደገና በልኩ አጥብቁ፤ አዲስ ጋስኬት ከሙቀቱ በኋላ ይላላል። ካንዴላውንም ያኔ አውጥታችሁ እዩ። ነጣ ካለ ነዳጁ አንሷል፤ ጥቀርሻ ከያዘ በዝቷል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ አትንኩት።