«በማን ሥጋ ላይ ነው የምትማከሩት?»

አባዬ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ሰው ነበሩ። ደብረ ብርሃን ስናሳክማቸው ሐኪሙ ውጤቱን ለእኔና ለእህቴ ኮሪደር ላይ ነገረን፤ እኛም ደበቅናቸው። በሦስተኛው ቀን በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «አንቺ ልጅ፣ በማን ሥጋ ላይ ነው የምትማከሩት?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

እና ስለ ሕክምናው መጀመሪያ ታማሚውን ራሱን ጠይቁ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይላል። ሽበት ይህን መብት አይሽረውም።

አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። «ኑዛዜ» ብላችሁ ከጀመራችሁ «ሞት ጠራችሁብኝ» ይመጣል። እኔ ቤት ከተመለስን በኋላ ቡና እየቀዳሁ፣ አዲስ አበባ ተወስደው እዚያው ስላረፉ ጎረቤታችን አነሳሁና «እርስዎ ቢሆኑስ?» አልኳቸው። ለካ አስበውበት ኖሯል። «ሕመሙን አስታግሱልኝ፤ ማሽን አትሰኩብኝ። ከቤቴ ጭስ አታርቁኝ። የንስሐ አባቴ ሳይደርሱ እንዳላልፍ።»

መናገር ሲያቅታቸው ማን እንደሚናገርላቸውም ያስመርጧቸው፤ አንድ ሰው ብቻ። በተለይ ዘግይቶ ደርሶ «ውጭ አገርም ቢሆን አሳክማለሁ!» የሚል ወንድም ካላችሁ። (እኛ አለን።)

ያሉትን በደብተር ወረቀት ጽፌ አነበብኩላቸው፤ ቀን ጻፍንበት። እሳቸው፣ የንስሐ አባታቸውና የዕድሩ ሰብሳቢ ፈረሙ። አንዱን ቅጂ ነርሷ ከካርዳቸው ጋር አያያዘችልን።

ይህን ወረቀት ከንብረት ኑዛዜ ጋር አትቀላቅሉት፤ ያ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካለበት 2 ይበቃሉ። ድርሻ የሚያገኝ ሰው ምስክር አይሁን። በሞት አፋፍ በቃል የሚነገረው ቤት አያወርስም፤ ተናዛዡ 3 ወር ከቆዩም ይቀራል። ውክልናም ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ችሎታ ሲያጣ ያበቃል፤ «ውክልና አለኝ» ብላችሁ አትዘናጉ።

ከወራት በኋላ ዳግም ደብረ ብርሃን ተኝተው ሳለ ወንድሜ ሌሊቱን ነድቶ ደረሰ። አባዬ አፋቸው ተይዞ ነበር። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ሁለቴ አነበበው። ቆይቶ «መኪናው ውስጥ ጋቢ አለ፤ ጣርማ በር ላይ ይበርዳቸዋል» አለ። ሲነጋ ወደ ቤታቸው ይዘናቸው ወጣን።