ሐይቅ ዳር መኪና ውስጥ ስታድሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ላይ ሚኒባስ እነዳለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ የኋላ ወንበሮቹን አወጣና ፍራሽ ዘርግቼ ስሙም ሐይቅ ወደሆነው ሐይቅ እወርዳለሁ። አንዳንዴ ከቤተሰብ ጋር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከኮምቦልቻ የመጡ እንግዶችን ይዤ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የደሴን ብርድ ትታችሁ ስትወርዱ አየሩ ለዘብ ይላል፣ ትንሿን ከተማ እንዳለፋችሁ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ በባቲ በሚሌ አድርጎ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ጋቢና ውስጥ ያድር ነበር። የእኔ ባሕር ሐይቅ ነው።

አሁን አሁን በራሳቸው መኪና መጥተው የሚያድሩ ወጣቶች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። ግን የማየው ስህተት ሁሌም ያው ነው፣ አንዱማ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከእሱ ልጀምር።

ፍም ይዞ መኪና ውስጥ መግባት

ባለፈው አራት ልጆች አየሁ። ደጅ ቡና አፍልተው እስከ በረካ ጠጡ፣ ሲበርዳቸው ማንደጃውን ከነፍሙ አንስተው መኪና ውስጥ አስገቡና በሩን ዘጉ። ሮጬ ሄጄ መስኮቱን ደበደብኩ። «ጭሱ እኮ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» አለኝ አንደኛው። ሰው የሚሞተው በዚህ አነጋገር ነው! ጭስማ ቢሆን ያስላችኋል፣ ዓይናችሁን ያቃጥላችኋል፣ ትወጣላችሁ። ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ኅዳር ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማንደጃውን በሩ ስር አስቀምጠን ተኛን። ሌሊት ሲያስመልሰው ሰምቼ ነቃሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። በሩን ልከፍት እጄን ብሰድድ እጀታውን አጣሁት። በየቀኑ መቶ ጊዜ የምከፍተውን በር ጣቴ እየዳበሰ አላገኘውም አለ፤ አንዴ መስታወቱን፣ አንዴ ወንበሩን እይዛለሁ። እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና ሣሩ ላይ ወደቅሁ፣ ወንድሜን በክንዱ ጎትቼ አወጣሁት። ያን ሌሊት እሱ ባያስመልሰው ኖሮ ሁለታችንም የለንም።

መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ አያድንም። ሞተር አስነስቶ በማሞቂያ መተኛትም ያው ነው፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከተሸነቆረ ወይም ጭቃና ሣር ከደፈነው ጋዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ጋቢ ያዙ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ እግራችሁ ስር አስቀምጡ። አንድ ሰው ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ካለ ሁላችሁም ውጡ። «ከሰል መታው፣ ወተት ስጡት» የሚል አይጠፋም፤ እናንተ ንጹህ አየር ላይ አውጡትና ተሻለኝ ቢል እንኳን ሐኪም ቤት አድርሱት።

ውሃው አፍ ላይ ማቆም

ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ገብቶ መቆም ያምራችኋል። ላዩ ደርቆ ታችው ግን ጭቃ ነው፣ በተለይ ከክረምት በኋላ። ጎማው ሲሰምጥ ነዳጅ አትርገጡ፤ በረገጣችሁ ቁጥር ራሱ ይቆፍራል። የጎማውን አየር ቀነስ አድርጉ፣ ከፊቱ ድንጋይና ጭራሮ ደልድሉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በእግራችሁ ወርዳችሁ መሬቱን ርገጡት። አባቴ የትም ሲያድር የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙሮ ነበር የሚያቆመው፤ እኔም እንደዚያው።

ጨልሞ መድረስ፣ ሳይጠይቁ ማቆም

ከ12 ሰዓት በፊት ድረሱ። አንድ ጊዜ አምሽቼ ደርሼ ሜዳ የመሰለኝ ላይ አቆምኩ። ሲነጋ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎማዬ ስር የተኛው የሽምብራ ቡቃያቸው ነው። ይቆጣሉ ስል «ምነው ልጄ፣ ብትነግረኝ ግቢዬ አሳድርህ አልነበር?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ሰላም ብዬ የቦታውን ባለቤት ሳልጠይቅ ሞተር አላጠፋም። እርሳቸው ጋም እስከ ዛሬ እገባለሁ።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሀረጎም ሆነ የሐይቅ ቁልቁለት፣ ከባድ ማርሽ አስገቡ። የፍሬን ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና አቀዝቅዙት።

ሐይቁን እንደ ገንዳ ማየት

ዳሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ዘለው የሚገቡ አሉ። መሬቱ ቶሎ ይከዳችኋል፤ የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዋና የማይችል ዳር ላይ እግሩን ይንከር፣ ይበቃዋል።

ደግሞ እባካችሁ መኪና አትጠቡበት። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንቀርቃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የሳሙናችሁ አረፋ የትም አይሄድም፣ እዚያው ነው የሚቀረው። ዓሣውም፣ ከብቱም፣ ሰዉም በዚሁ ውሃ ነው የሚኖረው። ይሄን ስናገር «አንድ መኪና ምን ያመጣል?» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣችሁ መኪኖቹን ቁጠሩ።

ስለ ገዳሙ ሳይጠይቁ መምጣት

እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለው የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። ባልና ሚስት በር ላይ ሲደርሱ ሰምተው ሲያዝኑ አይቻለሁ፤ ቀድማችሁ እወቁትና ቀናችሁን በዚያው ልክ አውጡ። ወንዶቹ ግን ሳትገቡ አትመለሱ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተማሪ ሆነው የተቀመጡበት ቦታ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ባትሪ ሙዚቃ መክፈት

ጠዋት ግፉልኝ ትላላችሁ። መነኮሳቱም ገበሬዎቹም ሌሊት ይተኛሉ።

እስከ ረፋድ መተኛት

ዓሣ የሚገዛው በጠዋት ነው። አጥማጆቹ ሲመለሱ ዳር ላይ ጠብቋቸው። ቆሮሶ ካገኛችሁ ሆዱን አጽድታችሁ በጨውና በሚጥሚጣ አሽታችሁ እዚያው ደጅ ፍም ላይ ጣሉት። ቆዳው ጠቆር ብሎ ሲሰነጠቅና ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ ደርሷል። በልታችሁ ስትጨርሱ ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት ቆስቁሱና እንደገና አፍስሱ። ማንደጃውን መኪና ላይ የምትጭኑት በባዶ እጃችሁ መያዝ ስትችሉ ነው።