የቤተሰብ ታሪክን ከዲጂታል የድሮ ጋዜጦች እንዴት መፈለግ ይቻላል

መጀመሪያ ስለሚፈልጉት ሰው የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉ፦ ሙሉ ስሙን፣ ቤተሰብ የሚጠራበትን ስም፣ ሥራውን፣ የኖረበትን ከተማና መንገድ፣ የባለቤቱን ስም። ስም ብቻ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል።

ቀጥሎ የጋዜጦቹ ክምችት ያለበትን ድረ ገጽ ይምረጡ። የአውስትራሊያው ትሮቭ፣ የኒውዚላንዱ ፔፐርስ ፓስት፣ የአሜሪካው ክሮኒክሊንግ አሜሪካ እና የፈረንሳዩ ጋሊካ በነፃ ያስነብባሉ። በብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ ፍለጋው ነፃ ቢሆንም ገጹን ለማንበብ በአብዛኛው መክፈል ያስፈልጋል። ከመክፈልዎ በፊት የጋዜጦቹን ዝርዝር ይዩ። የሚፈልጉት ጋዜጣ በዚያ ዓመት ስካን ካልተደረገ የትኛውም ብልሃት አያወጣውም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ስሙን ጽፎ «ውጤት የለም» ሲባል ነው። የፍለጋ ሳጥኑ የሚፈልገው ኮምፒውተር ከገጹ ምስል ላይ አንብቦ ባስቀመጠው ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ በስህተት የተሞላ ነው። ቀለሙ ከፈዘዘ ወይም ማይክሮፊልሙ (የጋዜጣው ገጽ በትንሹ የተቀረጸበት ፊልም) ከተጫጫረ ፊደላት ይምታታሉ። በእንግሊዝኛ አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲታተሙ ኤም ይመስላሉ፤ ስለዚህ «በርንስ» የነበረው «በምስ» ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል። ኢ ሲ ይሆናል፣ ኤች ቢ ይሆናል። ከ1800 እ.ኤ.አ. በፊት በታተሙት ላይ «ረጅሙ ኤስ» የሚባለው የድሮ የኤስ ቅርጽ ኤፍን ስለሚመስል «ዊልሰን» «ዊልፎን» ይሆናል። የተሳሳተውን አጻጻፍ ራሱን ሆን ብለው ይፈልጉ። ረጅም ስም በመስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ሊከፈል ስለሚችል ግማሹን ብቻ መሞከርም ያዋጣል። ድረ ገጹ የሚቀበል ከሆነ በአጠራጣሪው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት (?)፣ በቃሉ መጨረሻ ደግሞ በቀሪዎቹ ፊደላት ፈንታ ኮከብ (*) ያስገቡ።

አሁንም ካልተገኘ ስሙን ጨርሰው ይተዉት። የመንገዱን ስም ከቤት ቁጥሩ ጋር፣ ወይም ሥራውን ከከተማው ጋር ይፈልጉ። በእኛ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ መንገድ ነው፤ የሞትና የጋብቻ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ አድራሻ ይጠቅሳሉና።

ያገቡ ሴቶች በድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ብዙውን ጊዜ በባላቸው ስም ነበር የሚጠሩት። «ሚስስ ሄንሪ በርንስ» የተባለችውን ሴት በራሷ ስም ቢፈልጓት አያገኟትም። የወንዶቹም ስም ያጥራል፤ ዊልያም ደብሊው እና ኤም በሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ይጻፋል።

የሞቱን ቀን ቢያውቁም ማጣሪያውን በዚያ ሳምንት ብቻ አይገድቡት። የውርስና የዕዳ ማስታወቂያ ከወራት በኋላ ይወጣል፤ በሙት ዓመቱ የሚወጣው መታሰቢያ ደግሞ የልጆችንና የእህት ወንድሞችን ስም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደፊት ይመልከቱ።

ሲያገኙ የተቆረጠውን ዜና ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ያስቀምጡ። የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑን፣ የገጹንና የዓምዱን ቁጥር አብረው ይመዝግቡ። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ነው አይበሉ፤ ዕድሜ፣ አድራሻ ወይም የባለቤት ስም፣ ቢያንስ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ትሮቭ ላይ ከሆኑ የተበላሸውን ጽሑፍ እዚያው ያርሙት፤ ያን ስም ቀጥሎ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሙከራው ያገኘዋል።