የቴኒስ ተጫዋች የክርን ሕመም፦ የትኛው ምት ነው የጎዳዎት?

ክርኑን ያመመው ተጫዋች ጥቂት ሳምንት አርፎ ሲመለስ ሕመሙም አብሮት ይመለሳል። ምቱ ስላልታረመ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያምዎትን ቦታ በጣት ነክተው ይለዩ።

ከክርን ውጭ በኩል ሲያም

ባክሃንድ (የእጅ ጀርባ ወደ ኳሱ ዞሮ የሚመታ ምት) ሲመቱ ይብሳል፤ ኩባያ ሲያነሱም ይወጋል። ለማረጋገጥ ክንድዎን ቀጥ አድርገው መዳፍዎን ወደ መሬት ያዙሩና ሌላ ሰው የእጅዎን ጀርባ ወደ ታች ሲጫን ወደ ላይ ይግፉ። ውጭ በኩል ያለው የአጥንት ጉብታ አካባቢ ካመመዎት፣ የተጎዳው የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ጅማት ሳይሆን አይቀርም።

ዋናው ተጠርጣሪ የአንድ እጅ ባክሃንድ ነው። ሲዘገይ ክርን ከራኬቱ ቀድሞ ይወጣል፣ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የኳሱም ጉልበት በተለጠጠው ጅማት ላይ ያርፋል። ኳሱ ሳይነጥር ትከሻዎን አዙረው ይጨርሱ፤ ከሰውነትዎ ፊት ለፊት፣ አንጓዎን ሳያጥፉ ይምቱ። አልሆን ካለ ወደ ሁለት እጅ ይዙሩ፤ ሌላው ክንድ ጫናውን ይጋራል። ራኬቱንም በምትና በምት መካከል ጨምቀው አይያዙ።

ከውስጥ በኩል ሲያም

ብዙ ጊዜ መነሻው ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) እና ቶፕስፒን (የኳስ ወደ ፊት መሽከርከር) የበዛበት ፎርሃንድ (መዳፍ ወደ ኳሱ ዞሮ የሚመታ ምት) ላይ አንጓን በኃይል ማጠፍ ነው። ጉልበቱን ከእግርና ከወገብ ያምጡ፤ በሰርቭ ጊዜ ኳሱን ከራስዎ ኋላ ሳይሆን ፊት ለፊት ይወርውሩ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ ግን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ራኬቱስ?

ደረቅ የፖሊስተር ክር ከሆነ በለስላሳ ያስቀይሩ፤ ውጥረቱንም ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያስቀንሱ። ክር ላይ የምትሰካው ትንሽ ጎማ ድምፁን እንጂ ክርኑን አትረዳም። የረጠበ ወይም የሞተ (በደንብ የማይነጥር) ኳስም ክንድን ያደክማል።

ማጠናከሪያ (ለውጭ በኩል ሕመም)

ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው እጅዎን ከጠርዙ ያውጡ፤ መዳፍ ወደ ታች፣ 1 ኪሎ ክብደት ይዘው። በሌላው እጅ ረዳትነት ወደ ላይ ያንሱት፣ ከዚያ ብቻውን በ4 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውረድ። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየቀኑ። ቀላል ሕመም አያስፈራም፤ እስከ ማግስቱ ከቆየ ክብደቱን ይቀንሱ። ጅማት ቶሎ አይድንም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሲመለሱ በአጭር ርቀት ፎርሃንድ ይጀምሩ፤ ባክሃንድና ሰርቭ በመጨረሻ።